ከአጥሚቱ በፊት፦ በ«ኦሊቨር ትዊስት» ውስጥ ልጅ የሚጎዳባቸው መንገዶች

«ኦሊቨር ትዊስት»ን ያላነበበ ሰው እንኳ አንዷን ትዕይንት ሳይሰማ አይቀርም። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ባዶ ሳሕኑን ይዞ ከገበታ ይነሣና አጥሚት እንዲጨመርለት ይለምናል። አዳዩ በጭልፋ ይመታዋል፣ ወሬው መጠለያውን ወደሚያስተዳድሩት ሹማምንት ይሮጣል፣ ነጭ ሰደርያ የለበሰ አንድ ጌታ የዚህ ልጅ መጨረሻ ስቅላት ነው ብሎ ይተነብያል። የልጁ መከራ የጀመረው እዚህ ላይ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እንዲያውም ሳሕኑን ይዞ በተነሣበት ቀን ኦሊቨር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተጎዳ ልጅ ነበር። እነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ጩኸት ስላልነበረባቸው ነው የሚረሱት።

ቻርልስ ዲከንስ ይህን ልብ ወለድ በመጽሔት በተከታታይ ያወጣው እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1839 ነው። ያኔ «በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃት» የሚባል የሕግም ሆነ የሕክምና ጽንሰ ሐሳብ አልነበረም። ዛሬ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 የተጠቀመበት ትርጓሜ አካላዊ ጥቃትን፣ ስሜታዊ ጥቃትን፣ ወሲባዊ ጥቃትን፣ ቸልታንና ብዝበዛን በአንድ ላይ ያስቀምጣል። ችግሩ እንዲህ ሲደረደሩ እያንዳንዳቸው የተለያየ ልጅ ላይ የሚደርሱ መምሰላቸው ነው። ልብ ወለዱን በጥሞና ያነበበ ግን አንዱ ለሌላው በር ሲከፍት ያያል። ያልተበላው ምግብ ዱላውን ይጠራል፤ ዱላው ሽሽቱን ያመጣል፤ የሸሸውን ልጅ ደግሞ ትኩስ ቋሊማ ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ከቸልታው እንጀምር፤ ለመለየት በጣም የሚያስቸግረው እሱ ነውና። ኦሊቨር የተወለደው በድሆች ቤት ውስጥ ነው። የድሆች ቤት ማለት ራሱን መመገብ ያቃተው ሰው እየሠራ የሚኖርበት መጠለያ ነበር። የ1834ቱ የእንግሊዝ የድሆች ሕግ የዚያ ቤት ኑሮ ከውጭው ድሃ ሠራተኛ ኑሮ እንዲከፋ ይፈልግ ነበር፤ ሰው ወዶ እንዳይገባበት። እናቱ ወልዳው ወዲያው ስለሞተች ሕፃኑ ሚስስ ማን ወደምትባል አሮጊት ቤት ይላካል። እዚያ ሃያ ሠላሳ የሚሆኑ ወላጅ አልባ ልጆች አሉ። ሴትዮዋ ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት ሰባት ተኩል ፔንስ ትቀበላለች፤ የሚበዛውንም ለራሷ ታውለዋለች።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ድህነትና ቸልታ አንድ አይደሉም። የሌላት እናት ልጇን በረኃብ ብታስተኛ ቸል አለች አይባልም። ቸልታ የሚባለው ልጁን የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው፣ አቅሙ እያለ፣ ምግቡን፣ ልብሱን፣ ሕክምናውን፣ ሙቀቱን ወይም ጥበቃውን ሲነፍገው ነው። ሚስስ ማን ገንዘቡ እጇ ላይ ነበር። ዲከንስ በምሬት እየቀለደ እንደሚነግረን እሷ ዘንድ ከሚያድጉት አሥር ልጆች ስምንት ተኩሉ ወይ በረኃብና በብርድ ይታመማሉ፣ ወይ የሚያያቸው አጥተው እሳት ውስጥ ይወድቃሉ፣ ወይ «በአጋጣሚ» ይታፈናሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ይሞታሉ። በማናቸውም ላይ የተሰነዘረ ዱላ የለም። ገዳዩ ሳይደረግ የቀረው ነገር ነው። ቸልታን ለመክሰስ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ «ምን አደረገች?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ምንም» ነው።

ይህን «ምንም» ደግሞ የሚሸፍኑ ሰዎች አሉ። ልጅ ሲሞት ምርመራ ይደረጋል፤ ሐኪሙ ሬሳውን ከፍቶ ውስጡ ምንም እንዳላገኘ ይመሰክራል። (ደራሲው ይህስ በጣም የሚታመን ነው ይላል፤ ሆዱ ባዶ ነበራ።) የአጥቢያው፣ ማለትም ድሆችን የሚረዳው የአካባቢ አስተዳደር፣ ሹም የሆነው ባምብልም አጥቢያው የፈለገውን ይምላል። ሹማምንቱ ቤቱን ሊጎበኙ ሲመጡ ባምብልን ከአንድ ቀን በፊት ልከው መምጣታቸውን ያሳውቃሉ፤ በሚደርሱበት ሰዓት ልጆቹ ታጥበውና ለብሰው ተሰልፈው ይጠብቋቸዋል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 25 ለእንክብካቤ ወይም ለጥበቃ ተብሎ ከቤት ውጭ የተቀመጠ ልጅ አያያዙ በየጊዜው እንዲገመገምለት መብት ሰጥቶታል። ግን ቀኑ አስቀድሞ የተነገረ ግምገማ ምን ያህል እንደሚያይ ሚስስ ማን በደንብ ታውቃለች።

ኦሊቨር ዘጠነኛ ዓመቱን የሚደፍነው በዚች ቤት፣ በከሰል ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። ራበን ስላሉ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተገርፎ ተቆልፎበታል። ባምብል ወደ ድሆች ቤት ሊመልሰው በዚያው ቀን ይመጣና «አብረኸኝ ትሄዳለህ?» ይለዋል። ልጁ ማንም ይውሰደኝ ብሎ ሊመልስ ሲል ከባምብል ወንበር ጀርባ የሴትዮዋን ቡጢ ያያል። ቡጢዋን በሰውነቱ ያውቀዋልና ወዲያው ገብቶት መለየቱ ያሳዘነው መስሎ ያለቅሳል። ማልቀሱ አልከበደውም፤ ረኃቡም ዱላውም ቅርብ ነበሩ። እሷም እያቀፈች ትስመዋለች፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውን ቅቤ የተቀባ ዳቦም ትሰጠዋለች፤ ሲደርስ በጣም የተራበ እንዳይመስል።

ለኔ ከልብ ወለዱ ሁሉ የዚህን ያህል ልጅ ውስጥ የሚያስገባ ቦታ የለም። ተጎጂ ልጅ በሚጎዳው ሰው ፊት ሲጠየቅ እውነቱን አይናገርም። መዋሸቱ ከክፋት አይደለም፤ ከጠያቂው ጀርባ ያለው ቡጢ ጠያቂው ከሄደ በኋላም እዚያው እንደሚቆይ ስለሚያውቅ ነው። ዛሬ የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዎች ልጅን ለብቻው የሚያነጋግሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ በሩ ሲዘጋ ኦሊቨር ከልቡ ያለቅሳል። ቤቱ መከራ ቢሆንም በሕይወቱ የሚያውቃቸው ጓደኞች ያሉት እዚያ ብቻ ነው። ልጅ ከሚጎዳበት ቤት ሲወጣ ቢያለቅስ ቤቱ ጥሩ ነበር ማለት አይደለም።

ስሜታዊ ጥቃት የሚባለው በልብ ወለዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ በቀልድ ተሸፍኖ ይመጣል። ኦሊቨር ስሙን ያገኘው በፊደል ተራ ነው፤ ከእሱ በፊት የተገኘው ልጅ በ«ኤስ» ተሰየመ፣ እሱ «ቲ» ደረሰው፣ የሚቀጥለው በ«ዩ» ይጠራል። ባምብል በዚህ ፈጠራው ይኮራል። ከዚያም በሹማምንቱ ፊት ቀርቦ ወላጅ አልባ መሆኑን ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁታል። ቃሉን ሰምቶት ስለማያውቅ ምን ማለት ነው ብሎ ሲመልስ ጅል ነው ብለው ይደመድማሉ። ማንም ያልነገረውን ባለማወቁ ጅል ተባለ። ስሜታዊ ጥቃት ስድብ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ዋጋ እንደሌለው፣ ሸክም እንደሆነ፣ በመኖሩ እንኳ ዕዳ እንዳለበት በየቀኑ ማስተማር ነው። ሹማምንቱ አብልተውና አሳድገው ውለታ እንደዋሉለት፣ ለዚያም ማመስገን እንዳለበት ይነግሩታል።

አካላዊ ጥቃቱ ግልጽ ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። አጥሚት ከጠየቀ በኋላ ለብቻው ይቆለፍበታል፤ በየሁለት ቀኑም ልጆች በሚበሉበት አዳራሽ ለሌሎቹ መቀጣጫ ይሆን ዘንድ ይገረፋል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ሁሉም ነገር በሥርዓት መደረጉን ነው። የሚመታው ሰው አልተናደደም፣ አልሰከረም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ብዙ ሰው ጥቃት ሲባል ራሱን መቆጣጠር ያቃተው አባት ይታየዋል። ቅጣት ተብሎ የተጻፈ ዱላ ግን ሕጋዊ ስለሚመስል ለመቃወምም አፍ ያሲዛል።

በዚህ መሐል አንዲት አህያ ትገባለች። የጭስ ማውጫ ጠራጊው ጋምፊልድ በድሆች ቤቱ በር ሲያልፍ አህያውን ያለ ርኅራኄ እየደበደበ ነው። በእንግሊዝ ከ1822 ጀምሮ ፈረስን፣ አህያንና ከብትን በጭካኔ መምታት የሚያስቀጣ ሕግ ነበር። በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ለመከላከል ተብሎ የወጣው የመጀመሪያው ሕግ የመጣው በ1889 ነው። ስለዚህ ጋምፊልድ በዚያ ደጃፍ ላይ በሕግ ሊጠየቅ የሚችለው በአህያው ነበር፤ ሊወስደው በመጣው ልጅ ግን አይደለም።

ምክንያቱም አጥቢያው ልጁን ለሚወስድለት ሰው አምስት ፓውንድ እሰጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል። ብዝበዛ የሚባለው እዚህ ይጀምራል፤ የገበያው አቅጣጫ ደግሞ የተገለበጠ ነው። ልጁ አይሸጥም፤ የሚወስደው ይከፈለዋል። ጭስ ማውጫ ለመጥረግ ትንንሽ ልጆች በጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ይወጡ ነበር፤ ሹማምንቱም በዚህ ሥራ ልጆች ታፍነው እንደሚሞቱ ያነሣሉ። ጋምፊልድ ስህተቱ እርጥብ ጭድ ማጨሱ ነው ብሎ ያስረዳል፤ ጭስ ልጁን ያስተኛዋል እንጂ አያወርደውም፣ ጥሩ እሳት ቢነድ ግን እግሩ ሲጠበስ ታግሎ ይወርዳል። ነጭ ሰደርያ የለበሰው ጌታ ይስቃል። ሹማምንቱ ተመካክረው ሥራው መጥፎ ስለሆነ ክፍያው መቀነስ አለበት ይላሉ፤ በሦስት ፓውንድ ከአሥር ሺሊንግ ይስማማሉ። የልጁ አደጋ ለመደራደሪያ ዋለ፤ ለአጥቢያው አንድ ፓውንድ ከአሥር ሺሊንግ አተረፈለት።

ውሉ ግን በዳኛ መፈረም አለበት። አሮጌው ዳኛ ብዕሩን አንሥተው የቀለም ዕቃውን ይፈልጋሉ። ዕቃው አፍንጫቸው ሥር ነው፤ እሳቸው ሌላ ቦታ ያለ ስለመሰላቸው ዓይናቸው ሲንከራተት የኦሊቨር ፊት ላይ ያርፋል። ልጁ በፍርሃት ነጭ ሆኗል። ዳኛው ብዕሩን ያስቀምጣሉ፣ ልጁን በለሰለሰ ድምፅ ያናግሩታል፣ ልጁም ወድቆ ከዚህ ሰው ጋር ከምትሰዱኝ ግደሉኝ ብሎ ይለምናል። ፊርማው ይቀራል። በልብ ወለዱ ውስጥ እስከዚህ ድረስ አንድም ባለሥልጣን የልጁን ፊት አይቶ አያውቅም ነበር። የታየውም የቀለም ዕቃው ስለጠፋ ነው።

ቀጥሎ ኦሊቨር ሬሳ ሳጥን ሠሪው ሳወርቤሪ ቤት ይገባል። ለውሻው የተቀመጠ ትራፊ ይሰጡታል፤ በሳጥኖች መካከልም ይተኛል። እዚህ የምንተዋወቀው ኖዋ ክሌይፖል የሚባለውን ልጅ ነው፤ እሱም በምጽዋት ትምህርት ቤት ያደገና የሰፈር ልጆች ሲሰድቡት የኖረ ነው። ከሱ የሚያንስ ሲያገኝ የተቀበለውን ሁሉ ከነወለዱ ይመልሳል። የሞተች እናቱን ሲሰድብበት ኦሊቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ኖዋን ይመታዋል። ባምብል ተጠርቶ ይመጣና ምርመራውን ይሰጣል፦ ልጁ አላበደም፣ ሥጋ ስላበላችሁት ነው፤ አጥሚት ብቻ ብትሰጡት ኖሮ እንዲህ ያለ መንፈስ አይኖረውም ነበር። ባምብል ሳያስበው እውነት ተናግሯል፤ ረኃቡ ልጁን ጸጥ የማድረጊያ ዘዴ ነበር።

ኦሊቨር ይጠፋል። ወደ ለንደን ሰባ ማይል ያህል በእግሩ ይጓዛል። በሰባተኛው ቀን ጠዋት፣ እግሩ ደምቶ ደረጃ ላይ በተቀመጠበት፣ አንድ ልጅ ቀርቦ ምን ሆነሃል ይለዋል። ራሱን ዶጀር የሚያስጠራው ጃክ ዶውኪንስ ነው። ዳቦና ሥጋ ይገዛለታል፤ ማደሪያ በነፃ የሚሰጥ የተከበረ ሽማግሌ አውቃለሁ ይለዋል።

ይህ ሽማግሌ ልጆችን ሌብነት የሚያስተምረው ፌጊን ነው። የፌጊን ምዕራፎች ከሁሉም በላይ ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው፤ ልጅን አግባብቶ የማጥመድ ሥራ እርምጃ በእርምጃ ተጽፎባቸዋልና። መጀመሪያ ትኩስ ቋሊማ፣ ሞቅ ያለ መጠጥና መኝታ። ከዚያ ጨዋታ፦ ሽማግሌው ኪሶቹን በሰዓትና በመሐረብ ሞልቶ እንደ መንገደኛ ይንሸራሸራል፣ ልጆቹ ሳይሰማው ይመነትፉታል፣ ኦሊቨር እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ከልብ ሲስቅ የምናየው ገና እዚህ ነው። ከዚያ እሱም ይሞክራል፤ መሐረቡን አውጥቶ ሲያሳይ ራሱን ይደባበሰዋል፣ አንድ ሺሊንግም ይሰጠዋል። ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት ልጆች ግን እራት ሳይበሉ ይተኛሉ፤ ኦሊቨርም ይህን ያያል። ከእጃቸው ወጥቶ ደግ ሰው ቤት ገብቶ እንደገና ሲያዝ ዘዴው ይለወጣል። ለብዙ ቀናት ብቻውን ይተዉታል፤ የማንም ሰው ድምፅ እንዲናፍቀው። ከዚያ ሌቦቹን አብረውት ያስቀምጧቸዋል።

ልጅ ለምን አልሸሸም፣ ለምን ዝም አለ የሚል ሰው ሁሌ ይኖራል። መልሱ ቋሊማው ላይ ነው። ደግነትን አይቶ የማያውቅ ልጅ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበት ሚዛን የለውም። ፌጊን የሚያጠምደው መጀመሪያ ሚስስ ማን ያስራበችውን ልጅ ነው፤ ሁለቱ ተያይተው ባያውቁም ሥራቸው የተቀናጀ ነው። በመጨረሻ ኦሊቨርን የሚፈልጉት ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነው። ከፌጊን ጋር የሚሠራው ዘራፊ ሳይክስ ቤት ሲዘርፍ በጠባብ መስኮት የሚገባ ሰውነት ያስፈልገዋል። ልጁ መስኮቱን አልፎ የባለቤቱን አሽከር ጥይት ይቀበላል፤ ሌቦቹም ቦይ ውስጥ ጥለውት ይሸሻሉ።

ወሲባዊ ጥቃትን ዲከንስ በግልጽ አይጽፍም፤ ዘመኑ አይፈቅድለትም። ለፌጊን ስትሰርቅ ያደገችው ናንሲ ግን አለች። በአንድ የቁጣ ቅጽበት ወደ ኦሊቨር እያሳየች፣ የዚህን ልጅ ዕድሜ ግማሽ ሳላክል ጀምሮ ለአንተ ሰርቄያለሁ፣ በዚሁ ሥራ ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው ትለዋለች ፌጊንን። ሂሳቡን የሚሠራ ሰው የአሥራ ስድስት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆና ያገኛታል። ደራሲው በ1841 መቅድሙ ላይ ገላዋን የምትሸጥ ሴት መሆኗን በግልጽ ጽፏል። በዛሬው መለኪያ ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ሴተኛ አዳሪ ብሎ መጥራት ራሱ ወንጀለኛውን ከዓይን ማራቅ ነው። አንባቢ ሁሉ ለኦሊቨር ሲያለቅስ ናንሲን እንደ ትልቅ ሰው ያነባታል፤ እኔም በመጀመሪያ ንባቤ እንዲያው አድርጌያለሁ።

ዲከንስ ይህን ሁሉ ከየት አመጣው? በ1824፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ አባቱ በዕዳ ታስሮ እሱ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ብልቃጥ ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። እዚያ ደግ የሆነለት፣ ሲያመው ያስታመመው አንድ ልጅ ስሙ ቦብ ፌጊን ነበር። ደራሲው የዚያን ደግ ልጅ ስም ለምን ለክፉው ሽማግሌ እንደሰጠው ብዙ ተብሏል። ይህን ሽማግሌ ደጋግሞ «አይሁዳዊው» እያለ መጥራቱ ደግሞ የመጽሐፉ ነውር ነው። ኤሊዛ ዴቪስ የምትባል አይሁዳዊት በ1863 ጽፋ ወቅሳዋለች፤ በ1867ቱ እትም ቃሉን ከብዙ ቦታ አወጣው። ልጅ አጥማጅን የአንድ ሕዝብ መልክ መስጠት አንባቢውን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲያይ ያደርገዋል፤ ባምብልና ሚስስ ማን ግን ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ የተከበሩ ሰዎች ነበሩ።

ሌላም የማልስማማበት አለ። ኦሊቨር ይህን ሁሉ አልፎ ንጹሕ ይወጣል፤ አይሰርቅም፣ አነጋገሩ እንኳ የጨዋ ልጅ ነው። እውነተኛ ሕይወት ውስጥ የተራበ ልጅ ምግብ ይደብቃል፣ የተመታ ልጅ ይማታል ወይም ይደነዝዛል፣ የተታለለ ልጅ የሚረዳውን ሰው ሳይቀር ይጠራጠራል። ለእውነት የሚቀርቡት ኖዋና ዶጀር ናቸው። ዶጀር በመጨረሻ በስርቆት ተይዞ ከአገር ይጋዛል፤ ትዕይንቱ የተጻፈው ለማሳቅ ነው። እሱም ልጅ ነበር። እሱንም ፌጊን አሳድጎታል። የሚታዘንለት ተጎጂ ገጹ የነጻ፣ አንደበቱ የታረመ ብቻ ሲሆን ሌሎቹ ወደ ወንጀለኞች ዓምድ ይዛወራሉ።

ሚስስ ማን ዘንድ የቀረ ዲክ የሚባል ትንሽ ልጅም አለ። ኦሊቨር ሲጠፋ በአጥሩ በኩል አቅፎ የመረቀው እሱ ነው፤ ኦሊቨር በሕይወቱ ሲመረቅ የመጀመሪያው ነበር። ቆይቶ ባምብል ሲመጣ ዲክ በጣም ታሞ ያገኘዋል። ልጁ መጻፍ የሚችል ሰው ለኦሊቨር አንድ መልእክት እንዲያስቀምጥለት ይለምናል፤ በጨለማ ብቻውን ሲንከራተት እያሰበ ስንቴ እንዳለቀሰ፣ በልጅነቱ መሞቱም ደስ እንደሚለው፣ የሞተች ታናሽ እህቱን በሰማይ ልጅ ሆኖ እንዲያገኛት። ባምብልና ሴትዮዋ ይደነግጣሉ፤ ያስደነገጣቸው ሕመሙ ሳይሆን ድፍረቱ ነው። ባምብል ላየው አልችልም፣ ውሰዱልኝ ይላል። ዲክን ወስደው ከሰል ማስቀመጫው ውስጥ ይቆልፉበታል፤ ኦሊቨር ዘጠነኛ ዓመቱን በደፈነበት በዚያው ክፍል። ኦሊቨር ሀብት አግኝቶ፣ ዲክን ሊያለብሰውና ሊያስተምረው ተመልሶ ሲመጣ ልጁ ሞቶ ነበር።